ንዝረቱ ከምንጩ ይቀነስ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በመሀል አዲስ አበባ የሚካሄደው ግንባታ የሚያስነሣው አቧራ፣ የሚያሰማው ጩኸትና የሚዘጋው መንገድ በጋዜጦቻችን ላይ በየጊዜው ይነሣል። ማሽኖቹ ወደ መሬት ስለሚለቁትና በአፈር ውስጥ ተጉዞ የጎረቤትን መሠረት ስለሚያገኘው ንዝረት ግን እምብዛም አይጻፍም። ነዋሪው ስለ ንዝረት የሚናገረው ግድግዳው ላይ ስንጥቅ ካየ በኋላ ነው፤ ሥራ ተቋራጩም መልስ የሚሰጠው ከዚያ ወዲያ ነው፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ ስንጥቁን በሲሚንቶ ሞልቶ ቀለም ከመቀባት አያልፍም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ንዝረት ሥራው እየተካሄደ ሳለ፣ ከሚፈጥረው ማሽን ላይ መቀነስ ይቻላል፤ ይህም በአሮጌ ሕንፃ አጠገብ ለሚሠራ ሁሉ የግንባታ ፈቃድ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ይህን የምጽፈው በመሠረት ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ የቆየሁ መሐንዲስ በመሆኔና መኖሪያዬም በአራዳ በመሆኑ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ የተካሄደውን የኮሪደር ልማት፣ ከእርሱም ጎን ለጎን የሚነሡትን ረጃጅም ሕንፃዎች ለመቃወም አልተነሣሁም። ጉድጓድ ሳይቆፈር ሕንፃ አይቆምም፤ ሙሌት ሳይጠቀጠቅም መንገድ አይጸናም። የሚያሳዝነኝ በዓይን የማይታይ ጉዳት እንደሌለ መቆጠሩ ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል በእሳት ሲያያዝ ከተማው ሁሉ ደንግጦ ነበር፤ የጭቃ ማያያዣው ከዓመት ዓመት እየተፈረፈረ ለሚሄድ ግንብ ግን ማንም አይደነግጥም።

አንድ ማሽን መሬትን ሲመታ ወይም ሲያንቀጠቅጥ ጉልበቱ በተለያዩ ማዕበሎች ተከፋፍሎ ይሄዳል። በመሬት ገጽ ላይ ሆኖ ወደ ላይና ወደ ታች ከሚንቀጠቀጥ ነገር ከሚወጣው ጉልበት ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሚጓዘው ከመሬቱ ገጽ ሳይርቅ በሚሄደው የሬይሊ ማዕበል ነው። ይህ ማዕበል ወደ ጥልቁ ከሚሰራጩት ማዕበሎች ይልቅ በዝግታ ስለሚደክም፣ ጥልቀት የሌለው መሠረት ያለውን ቤት የሚያገኘው በዋናነት እርሱ ነው። በመሀል ከተማችን ያሉት አሮጌ ቤቶች ደግሞ ብዙዎቹ መሠረታቸው ቅርብ፣ ምድር ቤታቸው በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ ድንጋይ፣ ፎቃቸው እንጨትና ጭቃ ነው። እንዲህ ያለ ግንብ ክብደት ተሸክሞ ከመቶ ዓመት በላይ ሊቆም ይችላል፤ ብረት ስለሌለው ግን ወዲያና ወዲህ መጎተትን አይችልም። ንዝረቱ ሲደጋገም መጀመሪያ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ ቀጥሎ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን የሚነሣ ሰያፍ ስንጥቅ ይወጣል፤ በመጨረሻም ማያያዣው ላልቶ ድንጋዮቹ ቦታቸውን መልቀቅ ይጀምራሉ። ከመሠረቱ ሥር ያለው አፈር ልል ሙሌት ከሆነ ደግሞ ንዝረቱ ራሱ አፈሩን እየጠቀጠቀ ቤቱን ወደ አንድ ጎን ሊያሰምጠው ይችላል። ይህ ሁለተኛው ጉዳት ግንቡን በቀጥታ ለመሰንጠቅ በማይበቃ ንዝረትም ሊደርስ ስለሚችል ከሁሉ ይልቅ ያሰጋኛል፤ በተዳፋት ላይ በድንጋይ ካብ ተደግፈው የቆሙትን የአራዳ ግቢዎች የሚያውቅ ሰው ሥጋቴን ይረዳዋል።

በዚህ ቦታ አንድ የተለመደ ክርክር ማንሣት ግድ ይለኛል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ተደጋግሞ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየሳይቱ «ያን የመሬት መንቀጥቀጥ የቻለ ቤት ሮለር አይጎዳውም» ሲባል እሰማለሁ። ሮለር እየተንከባለለ መሬት የሚጠቀጥቀው ከባድ ማሽን ነው። ይህ አባባል ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን ያምታታል። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የተነሣ መንቀጥቀጥ እዚህ እስኪደርስ ፈጣኑ ንዝረት በመንገድ ደክሞ ዝግ ያለው ይቀራል፤ ዝግ ያለው ንዝረት በይበልጥ የሚወዘውዘው ረጃጅም ሕንፃዎችን ነው፤ በላይኛ ፎቆች የሚኖሩ ሰዎች ጎልቶ የተሰማቸው ለዚህ ነው። የሮለርና የድንጋይ መስበሪያ ንዝረት ግን ከቅርብ የሚነሣና በፍጥነት የሚመላለስ በመሆኑ በይበልጥ የሚጎዳው አጭሩንና ግትሩን የድንጋይ ቤት ነው። ስለዚህ አንዱን መቻል ሌላውን ለመቻል ዋስትና አይሆንም።

የንዝረት መጠን የሚገለጸው መሬቱ ወይም ግንቡ በሚንቀጠቀጥበት ከፍተኛ ፍጥነት፣ በሚሊ ሜትር በሰከንድ ነው። ዲን 4150 የተባለው የጀርመን ደረጃ በሦስተኛ ክፍሉ በሕንፃ መሠረት ላይ ለሚለካ የአጭር ጊዜ ንዝረት ገደብ አስቀምጧል። ንዝረቱ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በታች የሚመላለስ ከሆነ ገደቡ ለንግድና ለኢንዱስትሪ ሕንፃ 20፣ ለመኖሪያ ቤት 5፣ ጥበቃ ለሚደረግላቸውና በቀላሉ ለሚጎዱ ሕንፃዎች 3 ነው። ምልልሱ ሲፈጥን ገደቡም ከፍ ይላል፤ በሰከንድ ከ50 እስከ 100 ጊዜ ለሚመላለስ ንዝረት የቅርስ ሕንፃው ገደብ ከ8 እስከ 10 ይደርሳል። ንዝረቱ ለረጅም ጊዜ የሚቀጥል ሲሆን ግን በላይኛው ፎቅ ላይ በአግድም ተለክቶ ለቅርስ ሕንፃ ከ2.5 እንዳይበልጥ ይኸው ደረጃ ይመክራል።

እነዚህን ቁጥሮች ከማሽኖቻችን ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ትራንዚት አስተዳደር ያሳተመው የግምገማ መመሪያ፣ ከማሽኑ በ7.6 ሜትር ርቀት ላይ ነዛሪ ሮለር 5.3፣ ትልቅ ዶዘር 2.3፣ ጭነት የያዘ ከባድ መኪና 1.9፣ የእጅ ጃክሃመር 0.9 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ገደማ ንዝረት እንደሚፈጥሩ ይገምታል፤ በመዶሻ እየተመታ ወደ መሬት የሚገባ ፓይል (የመሠረት ምሰሶ) ደግሞ 16 ገደማ ይደርሳል። በዚሁ መመሪያ ስሌት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ንዝረቱ ከሲሶ ጥቂት ከፍ ወዳለ መጠን ይወርዳል፤ ሮለሩ 15 ሜትር ቢርቅ 1.9 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። እነዚህ ግምቶች እንደ አፈሩ ዓይነት ከፍም ዝቅም ይላሉ፤ ሆኖም ጥቂት ሜትሮች ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጡ በግልጽ ያሳያሉ። ከእግረኛ መንገዱ ጋር ተያይዘው በተሠሩት የፒያሳ ቤቶች አጠገብ 15 ሜትር ቀርቶ 7 ሜትርም የሚገኝበት ቦታ ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ሮለሩ ሥራ ላይ ሳለ በፍጥነት የሚመላለስ ንዝረት ቢያወጣም፣ ንዝረቱ በተነሣና በጠፋ ቁጥር ቤቱ ራሱ በቀላሉ በሚወዘወዝበት ዝግ ያለ ምልልስ ውስጥ ያልፋል። ኦፕሬተሩ በቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ አቅጣጫ በለወጠ ቁጥር ንዝረቱን ሲያበራና ሲያጠፋ ቤቱ ያን ጉዳት ደጋግሞ ይቀበላል።

ሌላው ቁጥር ሰውን የሚመለከት ነው። ሰው በቤቱ ተቀምጦ ሳለ 0.3 ሚሊ ሜትር በሰከንድ የሚሆን ንዝረት ይሰማዋል፤ ይህም ለቅርስ ሕንፃ መሠረት ከተቀመጠው ዝቅተኛ ገደብ አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ እማማ «ቤቴ ተናወጠ» ብለው ሲያመለክቱ እውነታቸውን ነው፤ መሐንዲሱም «ይህ ቤት አይጎዳም» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በስሜትና በግምት እየተነጋገሩ ዓመት ቢከራከሩ አይግባቡም፤ በመካከላቸው የሚፈርደው በቤቱ መሠረት ላይ የተቀመጠ መለኪያ ብቻ ነው። በምኖርበት አካባቢ ባየሁዋቸው አለመግባባቶች ሁሉ የጎደለው ይህ መለኪያ ነበር።

ወደ መፍትሔው ስመጣ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ገንዘብ የማያስወጣውን ነው። ዘመናዊ ነዛሪ ሮለሮች በአብዛኛው ከፍተኛና ዝቅተኛ የንዝረት ደረጃ አላቸው፤ ንዝረቱን ጨርሶ አጥፍቶ በክብደት ብቻ መጠቅጠቅም ይቻላል። በአራዳ አንድ ያረጀ የድንጋይ ቤት አጠገብ የፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ ተሞልቶ ሲጠቀጠቅ ፎርማኑን ቀርቤ፣ በቤቱ ፊት ለፊት ባለው ርዝመት ብቻ ንዝረቱ ጠፍቶ ገረጋንቲው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ስስ ንብርብር እየተዘረጋ፣ ሮለሩም ደጋግሞ እየተመላለሰ እንዲሠራ ለመንሁት። «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ ሥራው ይጓተታል» አለኝ፤ ቢሆንም እሺ ብሎ ሞከረው። ሥራው በእርግጥ ዘገየ፤ ሆኖም የጥቅጠቃ ምርመራው የሚፈለገውን ውጤት አገኘ፤ በቤቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎችም የመስኮቱ መስተዋት መንቀጥቀጡን ማቆሙን ነገሩን። ፎርማኑ ቅን ሰው በመሆኑ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን የአንድ ቤት ደኅንነት በአንድ ፎርማን ቅንነት ላይ መንጠልጠል የለበትም።

የማፍረስና የአለት ሥራ ደግሞ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። የከተማችን ከርሠ ምድር እሳተ ገሞራ የወለደው ስለሆነ ለምድር ቤት ሲቆፈር ብዙ ጊዜ ጠንካራ አለት ይገጥማል፤ ያን ጊዜ በኤክስካቫተር ላይ የሚገጠመው መዶሻ ለሳምንታት ይደበድባል። አለቱ ከጎረቤት መሠረት ጋር የተያያዘ አንድ አካል ከሆነ ንዝረቱ ብዙም ሳይደክም ይተላለፋል። ይህን ለመቀነስ በድንበሩ ላይ ቀዳዳዎችን ደርድሮ በመብሳት አለቱን ከጎረቤቱ አስቀድሞ መለየት፣ ወይም በቀዳዳዎቹ ውስጥ በውኃ ተበጥብጦ የሚፈስና ሲጠጥር እየሰፋ አለቱን ያለ ድምፅና ያለ ምት የሚሰነጥቀውን፣ ከኖራ የሚሠራ ዱቄት መጠቀም ይቻላል። ዱቄቱ አለቱን ለመሰንጠቅ አንድ ቀን ያህል ሊወስድ ይችላል፤ መዶሻው የሚሠራውን ሁሉ በእርሱ እንተካ አልልም፤ ለጎረቤቱ ቅርብ ለሆኑት ለመጨረሻዎቹ ሜትሮች ግን ከእርሱ የተሻለ አላውቅም። አሮጌ ፎቅ ሲፈርስም ወለሉን በሙሉ ወደ ምድር መጣል ክልክል ሊሆን፣ በመጋዝ ተቆርጦ በክሬን ሊወርድ፣ መጣሉ የማይቀር ከሆነም የአሸዋ ወይም የፍርስራሽ አልጋ ሊነጠፍለት ይገባል።

በፓይል ሥራ ከተማችን ዕድለኛ ናት፤ እዚህ የተለመደው ተቆፍሮ ኮንክሪት የሚሞላው ፓይል ነው፤ ንዝረቱም ከሚመታው ጋር አይወዳደርም። የጉድጓድ ዳር ለመያዝ የብረት ሉህ በንዝረት ማስገባት ሲያስፈልግ ግን፣ ሲነሣና ሲቆም ንዝረቱን ወደ ዜሮ አውርዶ ያን አደገኛ ዝግ ምልልስ የሚዘልል ማሽን በዓለም ገበያ አለ። ሉሆቹን ያለ ምት፣ ቀድመው የገቡትን እንደ መያዣ ተጠቅሞ በሃይድሮሊክ ኃይል እየገፋ የሚያስገባውም ማሽን በጃፓን የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በየግቢው ስላሉት ጄኔሬተሮችና ኮምፕረሰሮች ብዙ አልልም፤ ቡና የምትወቅጥ እናት ስኒዎቹ እንዳይንቀጠቀጡ ከሙቀጫው ሥር ጨርቅ እንደምታነጥፍ ሁሉ፣ ከሥራቸው የጎማ ወይም የስፕሪንግ ማቆሚያ ማድረግ ይበቃል።

ንዝረቱን በመንገድ ላይ የማስቀረትም ዘዴ አለ። በምንጩና በሕንፃው መካከል የሚቆፈር ቦይ የሬይሊን ማዕበል ይሰብራል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው ውድስ የተባለ ተመራማሪ ጥናት እንዳሳየው ቦዩ ከምንጩ አጠገብ ሲሆን ጥልቀቱ ቢያንስ የማዕበሉ ርዝመት 0.6 ያህል መሆን አለበት። በሰከንድ 200 ሜትር በሚጓዝ፣ በሰከንድም 25 ጊዜ በሚመላለስ ማዕበል ይህ ወደ 5 ሜትር ገደማ ይሆናል። በፒያሳ ጠባብ ግቢ ውስጥ 5 ሜትር ቦይ ክፍት አድርጎ ማቆየት ራሱ ለቤቱ አደጋ በመሆኑ ይህን መንገድ ሰፊ ቦታ ላለው ሳይት ብቻ እመክረዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በፈረንሳይ በግሬኖብል አቅራቢያ ቀዳዳዎችን በሥርዓት ደርድሮ ማዕበሉን ለመመለስ የተደረገው ሙከራ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ንዝረትን ለክተው በዚያው ቅጽበት በተቃራኒው የሚገፉ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎችም አሉ፤ ጥቅማቸው ግን በይበልጥ የታየው በማይክሮስኮፕ ጠረጴዛና ንዝረት በማይወዱ የላቦራቶሪ ወለሎች ላይ ነው። የአንድን ሠፈር አፈር በእነርሱ ጸጥ ማሰኘት አሁን ላለንበት ችግር መልስ አይሆንም፤ ገንዘባችን ቢኖር በመጀመሪያ መዋል ያለበት በመለኪያው ላይ ነው።

ንዝረትን እየሠሩ የመቀነስ ዋናው ነገር፣ በእኔ እምነት፣ በመለኪያውና በማሽኑ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአጠገቡ ያሉት ቤቶች ከውስጥም ከውጭም ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ያሉት ስንጥቆች ተለክተው ይመዘገባሉ፤ ባለቤቱም ይፈርማል። ከዚያ በመሠረቱ ላይ መለኪያ ተተክሎ ሁለት መጠን ይወሰንለታል። የመጀመሪያው ሲነካ ለኦፕሬተሩ ማስጠንቀቂያ ይደርሰውና የንዝረት ደረጃውን ይቀንሳል፤ ሁለተኛው ሲነካ ማሽኑ ይቆማል፤ አሠራሩ ሳይለወጥም አይቀጥልም። መለኪያው በወሩ መጨረሻ ሪፖርት የሚጻፍበት ብቻ ከሆነ ቤቱን አያድነውም። ይህን ለማድረግ ባለሙያ የለንም ሊባል አይችልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች የመሬትን መንቀጥቀጥ በአራት ኪሎ ሲለኩ አሥርት ዓመታት አስቆጥረዋል፤ ወጣት የሲቪል መሐንዲሶችን ከእነርሱ ጋር ማገናኘት የከተማው አስተዳደር ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው።

ሕጉም ቢሆን መሠረቱን ጥሏል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1225 የባለንብረትን መብት ሲገድብ ከጢስ፣ ከጥላሸት፣ ከመጥፎ ሽታና ከጩኸት ጋር መንቀጥቀጥንም ጠቅሶ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፍ ይከለክላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624ም ግንባታ የሰዎችንና የሌሎችን ግንባታዎች ደኅንነት በማይነካ መንገድ እንዲካሄድ ደንግጓል። ያለ ቁጥር ግን «ልክ» የሚለው ለክርክር ክፍት ነው፤ አንድ ዳኛ ስንጥቁ ከሮለሩ መምጣቱን በምን ያውቃል? ለቅርስና ለአሮጌ የድንጋይና የጭቃ ቤቶች 3፣ ለሌሎች መኖሪያ ቤቶች 5 ሚሊ ሜትር በሰከንድ የሚለው የጀርመኑ ዝቅተኛ ገደብ፣ የራሳችን ጥናት እስኪዘጋጅ ድረስ፣ በፈቃድ ሰነድ ላይ ቢሰፍር ለሁሉም ወገን ይበጃል። ገደቡን ጠብቆ የሠራ ተቋራጭም ቀድሞ ለነበረ ስንጥቅ ካሣ ከመክፈል ይድናል፤ ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግር በደስታ የሚቀበሉት ነጥብ ነው።

ወጪው ይከብዳል የሚሉ አሉ። ስስ ንብርብር ጊዜ ይወስዳል፤ መለኪያም በዶላር ይገዛል፤ አልክድም። ነገር ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ባለ ስምንት ማዕዘን ግንብ፣ ወይም ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለ ቀለም መስተዋት አንድ ጊዜ ቢሰነጠቅ በየትኛው ዋጋ ይተካል? በስም ከሚታወቁት ሕንፃዎች ጀርባ ደግሞ በማንም መዝገብ ላይ የሌሉ የጭቃና የእንጨት ቤቶች አሉ፤ ብዙዎቹ የቀበሌ ቤቶች ሲሆኑ ነዋሪዎቻቸው ስንጥቅ የማስጠገን አቅም የላቸውም። ገደቡ ለእነዚህም እኩል እንዲሠራ እፈልጋለሁ፤ የሚተኙት ሰዎች ከግንቡ ሥር ናቸውና።

ከትልልቆቹ ማሽኖች ውጭ አንድ ትንሽ ነገር ላክል። ከአስፋልቱ ገጽ በታች የሰመጠ የማንሆል ክዳን፣ ጭነት የያዘ መኪና ባለፈበት ቁጥር በአጠገቡ ያለውን ቤት ይመታል። አዲስ የተነጠፉት መንገዶች ለስላሳ መሆናቸው በዚህ ረገድ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ክዳኖቹን ከአስፋልቱ ጋር ማስተካከልም የጥገና ክፍሎች በአንድ ሌሊት የሚጨርሱት ሥራ ነው።

በየግንባታ ቦታው በር ላይ የባለቤቱን፣ የሥራ ተቋራጩንና የአማካሪውን ስም የያዘ ሰሌዳ ይቆማል። በዚያ ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር እንዲጨመር የሚመለከተውን የከተማ አስተዳደር ክፍል በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ፦ በአጠገቡ ላሉት ሕንፃዎች የተፈቀደው የንዝረት ገደብ፣ እንዲሁም ገደቡ ሲታለፍ ሥራ የማስቆም ሥልጣን የተሰጠው መሐንዲስ ስልክ ቁጥር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የመሠረት ሥራ መሐንዲስ
አራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ